ድንቹ ምን ይፈልጋል

እታገኘሁ ወልደኢየሱስ፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምታደርገው ጽሑፉን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ መድፋት ነው። ከዚያ ወንበር ታሳየዋለች።

«እስቲ ንገረኝ» ትላለች። «ማን ምን ይፈልጋል?»

ከእሷ ጋር ቢሮ ስለምጋራ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። የሚመጡት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው፤ ትዳር የያዙ፣ ወረዳ ላይ ሰው ሲያዝዙ የኖሩ። የኮሌጁን የጥናት አጻጻፍ መመሪያ አንብበው ነው የሚመጡት። መመሪያው ስለ ኅዳግ ስፋት ሁለት ገጽ ሙሉ ይናገራል። ማን ምን እንደሚፈልግ ግን አይናገርም። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ወደ እኔ ያያል። እኔ ቀና አልልም።

ጥያቄውን ያመጣችው ከልብ ወለድ ነው። አባቷ መምህር ወልደኢየሱስ ከከተማችን አድባራት በአንዱ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ቀሐ አካባቢ ነው። ልጃቸው ሥነ ጽሑፍ ላጥና ብላ ስትነሳ «ምን ሊያደርግልሽ?» አሏት። «ልጽፍበት» አለች። «ምን ሳይጻፍ የቀረ ነገር አለና?» አሉ። ይህን ብለው ግን አልከለከሏትም፤ የመመዝገቢያዋ ቀን ጠዋት ጫማዋን ያስጠረጉላት እሳቸው ናቸው።

ጻፈችም። መጀመሪያ አጫጭር ልብ ወለድ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሬዲዮ ሳምንታዊ ድራማ። የድራማውን ወጪ የሚችለው አንድ የሳሙና ነጋዴ ነበር፤ በየመሐሉ ሳሙናው ይነገርለት ነበርና። ነጋዴው ወደ ሲሚንቶ ሲዞር ድራማው ቀረ። የታሪኩ ባል ከተጣላት ሚስቱ ደጅ ቆሞ፣ ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ቀረ። እስከ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ የሚያውቋት ሴቶች ያስቆሟታል።

«አንቺ፣ ያ ሰውዬ ገባ ወይስ ተመለሰ?»

«እኔም አልሰማሁም» ትላለች፤ ሽንኩርቷን ትመርጣለች።

ኮሌጁ ውስጥ መምህርት ከሆነች በኋላ፣ የጥናት አጻጻፍ ኮርሱ ወደ እሷ የመጣው ያስተምር የነበረው ሰው ሥራ በለቀቀበት ዓመት ነው። ኃላፊው ጠርተው «መጻፍ ትችያለሽ አይደል?» አሏት። ትችላለች። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እሷም አልተናገረችም። የማታውቀውን እንደምታውቅ ሆና ከማስተማር ይልቅ የምታውቀውን አስተማረች።

መጀመሪያ የተጣላችው ከመግቢያ ጋር ነው። የተማሪ ጽሑፍ ሁሉ የሚነሳው ከዓለም ነው። የዓለም ሕዝብ ብዛት፣ ከዚያ አፍሪካ፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያ፣ ክልሉ፣ ዞኑ፣ ወረዳው። ቀበሌው ሲደረስ አንባቢው ደክሟል።

«ኮሶዬ ለመድረስ ከዓለም መነሳት የለብህም» ትላቸዋለች። «ከመናኸሪያ ሚኒባስ አለ።»

የቀደሙ ጥናቶች ተብሎ ደግሞ ሠላሳ ገጽ ይጻፋል። እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች፣ እነእከሌም ተስማሙ። እሱን ስታይ «ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ሙሽራው የታለ?» ትላለች።

ምክሯ ሁልጊዜ በሰላም የገባ እንዳይመስላችሁ። ነጃት የምትባል የእንስሳት ሐኪም የአህያ ጀርባ ቁስል ታጠና ነበር። ነገሩ ከሞቀበት ጀምሪ ተባለች። ሄዳ ስትመለስ የጽሑፏ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆኗል፦ ንጋቱ ብርዳም ነበር፤ አህያው ግን ምንም አልተናገረም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ በትሕትና እጃቸውን አንሥተው አህያው ከተጠኑት የትኛው እንደሆነ፣ ምን ይናገራል ተብሎም ይጠበቅ እንደነበር ጠየቁ። ነጃት ናሙናው ውስጥ የለም ብላ መለሰች።

እታገኘሁ አስጠራቻት። «ነጃትዬ፣ ልብ ወለድ ጻፊ አልኩሽ?»

«ከሞቀበት ጀምሪ አሉኝ።»

«ያልነበረ አህያ አምጪ አልኩሽ?»

«የነበሩት ምን የሞቀ ነገር አላቸው? ቁስል ነው ያላቸው!»

«ቁስሉ ከምን መጣ?»

«ከጭነት ገመድ ነዋ።»

«ገመዱ የምንድን ነው?»

«ናይሎን። የቆዳ ጠፍር ከተወደደ ወዲህ ሁሉም ናይሎን...» ነጃት አቆመች።

«በቃ፣ ከገመዱ ጀምሪ።»

ከገመዱ ጀምራ አለፈች። አህያው ወጣ።

ፊልጶስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአዲ አርቃይ ሰው፣ የግብርና ባለሙያ፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስፈቅድ የሚመስል ረጋ ያለ ሰው። ያጠናው በኮሶዬ ገጠር ለገበሬዎች የተሠሩትን የዘር ድንች ማቆያ ቤቶች ነው። የቤቶቹ ግድግዳ ድፍን አይደለም፤ ብርሃንና ነፋስ እንዲያሳልፍ በርብራብ የተሠራ ነው። ብርሃን ያገኘ የዘር ድንች አጭርና ጠንካራ ጎንቁል ያበቅላል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ረጅምና ነጭ ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። ቤቱን የነደፉት ዶክተር ካሣዬ የሚባሉ የኮሌጃችን መምህር ናቸው። ፊልጶስን ለትምህርት ያበቁትም፣ ጥናቱን የሚያማክሩትም እሳቸው ናቸው።

ጽሑፉ አንድ ጊዜ ተመልሶበታል። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከገበሬዎቹ ከመቶ ዘጠና አራቱ በቤቱ ረክተዋል ይላል። እዚያው ጽሑፍ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ድንች አላስገቡበትም ይላል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ጥናቱን ገምጋሚዎች ፊት ቆሞ የሚያቀርብበት ሁለተኛው ዲፌንስ የመጨረሻው ነበር። ካላለፈ የትምህርት ፈቃዱ ያበቃል፤ ባዶ እጁን አዲ አርቃይ ይመለሳል። አዲ አርቃይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱም፣ አማቾቹም፣ መንገድ ዳር ያሉት ሻይ ቤቶችም ከወዲሁ «ዶክተር ፊልጶስ» ማለት ጀምረዋል። ማስተርስ ነው ብሎ ቢያስረዳም የሰማው የለም።

እታገኘሁ ጽሑፉን ደፋችው። «ማን ምን ይፈልጋል?»

ፊልጶስ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ድንቹ?»

«እሺ፣ ድንቹ ምን ይፈልጋል?»

«ብርሃን።»

«ሌላስ?»

«ነፋስ።»

«ያገኛል?»

«ቤቱ ውስጥ ቢገባ ያገኛል።»

«ማን ያስገባዋል?»

«ገበሬው።»

«ገበሬውስ ምን ይፈልጋል?»

ፊልጶስ ጽሑፉን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። እታገኘሁ መዳፏን ጽሑፉ ላይ አሳረፈች።

«እሱማ ረክቷል» አለ። «ዘጠና አራት ከመቶ።»

«የረካ ሰው ታሪክ የለውም። በአፋቸው ምን አሉህ?»

«ሸጋ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንድ ሰው 'እጅግ ሸጋ ነው' ስላሉ 'በጣም ረክቻለሁ' የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁላቸው።»

«አየህ፣ እኔ ድራማ ስጽፍ» አለች፣ «ሰውየው 'አልተቆጣሁም' እያለ ጫማውን ካጠለቀ የማምነው ጫማውን ነው። እነዚህ ሰዎች ሸጋ ነው ሲሉህ ቤቱ ውስጥ ምን ነበር?»

ፊልጶስ ወደ መስኮቱ አየ። «አያ አወቀ የሚባሉ ሰው ቤት ጥጃ ነበረበት።»

«ሌላው ጋስ?»

«ዶሮ። አንዱ ጋ ገለባ። አንዱ ጋ ምንም የለም፤ ተጠርጎ ንጹሕ ነው። ምነው ባዶ ሆነ ስላቸው ለእንግዳ ነው አሉኝ።»

«የትኛው ገጽ ላይ ነው ይህ?»

«አልጻፍሁትም፣ መምህርት። መጠይቁ ላይ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የለውም።»

እታገኘሁ መዳፏን ከጽሑፉ ላይ አነሣች። ከዚያ ሌላ ወሬ እንደጀመረ ሰው፣ «እናትህ ደህና ናቸው?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዘራቸውን የት ነው የሚያኖሩት?»

«አልጋ ሥር።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳያየው ነዋ» አለ ፊልጶስ፤ ስሙን እንደተጠየቀ ሰው ቶሎ ብሎ።

እዚህ ላይ ቀና ማለቴን አልክድም። ፊልጶስ ራሱ የተናገረውን አሁን ገና የሚሰማ ይመስል ነበር።

አገሩን ለሚያውቅ ነገሩ ሩቅ አይደለም። አውድማ ላይ ስንት ሆነ ተብሎ አይጠየቅም። ዘር ያለው ሰው ዘር ላለቀበት ጎረቤት የለኝም ማለት አይችልም፤ የሚችለው አለማሳየት ነው። ዓይን የሚባለውም አለ፤ የተማረ ሰው አላምንበትም ይላል፣ ግን የልጁን ክብደት ለጎረቤት አይናገርም። የዶክተር ካሣዬ ቤት ደግሞ አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲማር ተብሎ መንገድ ዳር ነው የተሠራው። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ዘር በርብራቡ ውስጥ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህን ለመንግሥት ሰው የሚናገር ገበሬ ጎረቤቴን እፈራለሁ ማለቱ ነው፤ ማን ይላል? የተሰጠን ነገር በሰጪው ፊት ማናናቅም ነውር ነው። ስለዚህ ሸጋ ነው ይባላል፣ ጥጃ ይገባበታል።

ይህን ሁሉ ፊልጶስ ያውቀው ነበር። ያደገበት ነው። ጥናት ሲሆን የማይጻፍ መስሎት ነው እንጂ።

«በል ሂድና እይ» አለችው። «መጠይቁን እዚህ ተወው።»

«ያለ መጠይቅ ምን ብዬ እገባለሁ?»

«እንደምን ዋላችሁ ብለህ ነዋ።»

ሄደ። ሲመለስ የነገረን ይህ ነው። አያ አወቀ ቤት ሲደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ ደጅ ነበሩ።

«ደሞ መጣህ? ያ ወረቀትህስ?»

«ዛሬ ጥያቄ የለኝም፣ እናቴ።»

«ወይ ጉዴ! አሞሃል?»

ገብቶ ተቀመጠ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበለት፣ ጠላ ተቀዳለት። ዝናብ መጣ፤ ጥጃዋን እንዳይበርዳት አብሯቸው ጆንያ ሰቀለላት። ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አንድ ሰው ጠብ አወሩ። በወሬ መሐል፣ እናቱ ዘር የምታኖረው አልጋ ሥር እንደሆነ፣ እሱም ልጅ ሆኖ ጎረቤት ሲመጣ አልጋው ላይ ተኝተህ ታመምሁ በል ይባል እንደነበር ነገራቸው።

ወይዘሮ እንኳየሁ ሳቁ። «እንዲያ ነው እንጂ! እኛ ከደመወዝ የተወለድህ መስሎን!»

ተነሥተው የአልጋውን ልብስ ገለጡለት። ድንቹ እዚያ ነበር፤ ጎንቁሉ ረጅም፣ ነጭ።

«ታዲያ አያ፣ ቤቱን ሸጋ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለ ፊልጶስ።

አያ አወቀ ተቆጡ። «ማን መጥፎ ነው አለህ? ጥጃዋን አታያትም እንዴት እንደወፈረች?»

ፊልጶስ አብዛኞቹን ቤቶች እንዲሁ ዞሮ ተመለሰ፤ ጽሑፉንም እንደገና ሠራው። በአንድ ዓምድ ሰዎቹ ያሉትን፣ በሌላው ቤቱ ውስጥ የተገኘውን ጻፈ። ሸጋ ነው፣ ጥጃ። ሸጋ ነው፣ ዶሮ። እጅግ ሸጋ ነው፣ ገለባ። እታገኘሁ ይህን ስታነብ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀሳቀስ ነበር። መጨረሻው ገጽ ስትደርስ ቆመች። የጥናቱ ማጠቃለያ፣ ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ ተከታታይ የግንዛቤ ማስጨበጫ መስጠት ያስፈልጋል ይላል።

«ማንን ነው ግንዛቤ የምታስጨብጠው?»

«ገበሬውን።»

«ገበሬው ያልገባው ምንድን ነው?»

ፊልጶስ ማጠቃለያውን ደግሞ አነበበ። ቆይቶ፣ «መምህርት፣ ቤቱን የነደፉት እኮ ራሳቸው ዶክተሩ ናቸው» አለ። «በእጃቸው ነው የሣሉት። እኔን እዚህ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ቆሜ ቤቱ አልሆነም ልበል?»

«አሁን ምን እያልካቸው ነው?»

«ምንም።»

«ሸጋ ነው እያልካቸው ነዋ። ጥጃህን አስገብተህ።»

ፊልጶስ አልሳቀም። በማግሥቱ ቢሯችን መጥቶ ሳያንኳኳ ተመለሰ፤ ኮቴውን ሰማነው። የሚያስፈራው ነገር ይገባኛል። ዝም ካለ ገምጋሚዎቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግመው ይጠይቁትና ይወድቃል። ከተናገረ ደግሞ ውጤቱን ከሚወስኑት ሰዎች አንዱ ዶክተር ካሣዬ ናቸው።

ዶክተሩ በዚያው ሳምንት መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ቤት እታገኘሁን አገኟት።

«እታገኘሁ፣ ተማሪዎቼን ተረት አታስተምሪብኝ።»

«ተረት አይደለም ዶክተር፣ ድንች ነው።»

«ድንቹን እኔ አስተምራለሁ።»

«እኔ ደግሞ የሚበላውን ሰው» አለች፤ የእሳቸውንም ሻይ ከፍላ ወጣች። እንደ እውነቱ ከሆነ ዶክተር ካሣዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ያንን ቤት ሲሠሩ ጣውላ ተሸክመው ኮሶዬ የወጡ ሰው ናቸው። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ፊልጶስ ይቀለው ነበር።

ከዲፌንሱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ «ምን ላድርግ?» አላት።

«እሱን አላውቅም» አለች እታገኘሁ። «እኔ የማውቀው ባለታሪኩ የፈራውን ነገር ሳያደርግ ታሪኩ ካለቀ ሰሚው ሬዲዮውን እንደሚዘጋ ነው። አንተ ግን ሬዲዮ አይደለህም፤ ደመወዝህም አለ። አስብበት።»

የዲፌንሱ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ፊልጶስ የአማቱን ልጅ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ይረዝምበታል። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ የዓለም ሕዝብ ብዛት አልነበረም። በርብራብ ግድግዳ መሐል አንገቷን ያወጣች ጥጃ ፎቶግራፍ ነበር።

«የዚህ ቤት ባለቤት በቤቱ ረክተዋል» አለ ፊልጶስ። «ጥያቄዬ፣ ድንቹ የት አለ የሚል ነው።»

ከገምጋሚዎቹ አንዷ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ዶክተር ካሣዬ ጥጃዋን ያዩአት ነበር። ፊልጶስ ቀጠለ፤ ሁለቱን ዓምዶች አሳየ፣ ስለ አውድማ፣ ስለ አልጋ ሥር ተናገረ። ማጠቃለያው ላይ ሲደርስ ውኃ ጠጣ። ግንዛቤ ማስጨበጥ የሚለው ወጥቷል።

«ድንቹ መታየት ይፈልጋል፤ ገበሬው እንዲታይ አይፈልግም» አለ። «ቤቱ ሲሠራ የታሰበው ድንቹ ብቻ ነው። ገበሬው የሚፈልገውን አላሰብንም።»

ዶክተር ካሣዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «አላሰብንም የምትለው ማንን ነው?»

ፊልጶስ የኮቱን እጅጌ ሰበሰበ። «እርስዎን፣ ዶክተር።»

ከሰብሳቢው የመጣው ትእዛዝ እንደ ደንቡ ነው፤ ተማሪውና ታዳሚው ይውጡ፣ ቦርዱ ይምከር።

ኮሪደሩ ላይ ፊልጶስ አልቀመጥ አለ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የክፍል ድልድል ነበርና እሱን ያነብ ጀመር። ሌላው ተማሪ ሲወጣ ምክሩ ሻይ ሳይፈላ ያልቅ ነበር። የእሱ አላልቅ አለ። ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ ከፍ አለ፤ የዶክተር ካሣዬ ነው። ሌላ ሰው መለሰ። ወንበር ተጎተተ። አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተመታ።

«ተቆጥተዋል» አለ ፊልጶስ።

እታገኘሁ ወንበር ሳበችለት።

«ለሕዝቡ ምን እላለሁ? 'ዶክተር' ብለው እኮ ነው የሚጠብቁኝ።»

«ዶክተርማ መጀመሪያም አልነበርህም» አለች።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ካሣዬ ናቸው፤ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ በእጃቸው የሰሌዳ ማርከር ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ያስቸግራል።

«ፊልጶስ። እዚያ ኮሶዬ ነፋሱ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«ከገደሉ በኩል፣ ዶክተር።»

«ሁልጊዜ?»

«ከሰዓት በኋላ ይብሳል።»

«ጓሯቸውስ? ወደ መንገዱ ነው ወደ ገደሉ?»

«ወደ ገደሉ ነው፣ ዶክተር። ከጓሮው ወዲያ ሰው አያልፍም።»

ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ አላመሰገኑትም፣ ራሳቸውንም አልነቀነቁም። ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉ። ማርከሩ ሰሌዳው ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

ፊልጶስ ወደ እታገኘሁ ዞረ። «ወደቅሁ ማለት ነው?»

«የወደቀን ሰው ስለ ነፋስ አይጠይቁትም» አለች።

«ታዲያ ምን እያደረጉ ነው እስካሁን?»

እታገኘሁ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ትንሽ አዳመጠች።

«ቤቱን ወደ ጓሮው እያዞሩት ነው።»